እንደ ጅብራ ተገተሩ፦ ከደሴ ተነስቶ የቦረና ሳይንትን ደጋ ለማየት

«ምን እንደ ጅብራ ይገተርሃል!» ይህን ሳይባል ያደገ የደሴ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ዕቃ አምጣ ተብሎ በር ላይ የቆመ ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ያላቀረበ ይባላል። ጅብራን በዓይኑ ያየው ግን ስንቱ ነው? እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት ጅብራ የስድብ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተክል መሆኑን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። ከኛው ደቡብ ወሎ ተራሮች ላይ እንደሚበቅል ያወቅሁት ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው።

ዋልያን ለማየት ሰሜን ተራሮች መሄድ ግድ ነው፤ ሌላ የትም የለም። ደጋ አጋዘንም ያለው በባሌና በአርሲ በኩል ነው። ጅብራን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለማየት ግን ከወሎ መውጣት አያስፈልግም። ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው። የአካባቢው ሰው ደኑን በድሮ ስሙ ደንቆሮ ይለዋል። ይህን የምጽፈው ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ወደዚያ እንድትሄዱና ስትሄዱም በደንብ እንድታዩ ነው። መድረሱ ብዙም አይከብድም። ከባዱ ማየቱ ነው።

መጀመሪያ፣ ተራራ ማለት ምን እንደሆነ ከሐረጎ ተማሩ

ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ይዞ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ይህን ትምህርት ሳያውቀው ተምሮታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ 2,500 አካባቢ ላይ ናት። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስትጨርሱ መስኮት ይዘጋል፣ ጃኬት ይለበሳል። ወደ ላይ 100 ሜትር በወጣን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ውስጥ 4 ዲግሪ ያህል ጣላችሁ ማለት ነው።

አሁን ይህንኑ ወደ ላይ ቀጥሉት። ከደሴ ተነስታችሁ 3,500 ሜትር ስትደርሱ ሌላ 6 ዲግሪ ይወርዳል። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው የከፈሉት ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ከፍታ የራሱ ዛፍ፣ የራሱ ሣር፣ የራሱ እንስሳ አለው። ይህን ከያዛችሁ እንስሳውን ከመፈለጋችሁ በፊት የት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ።

ወሩን ምረጡ

ወሎ ሁለት ዝናብ አለው፤ በልግና ክረምት። የበልጉ ዝናብ አይታመንም፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ተራራው ጉም ውስጥ ነው። ከተጠየቅሁ ጥቅምትንና ኅዳርን እመርጣለሁ። ሣሩ ገና ለምለም ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጅረቱ ይፈሳል። ቀይ ቀበሮም የሚወልደው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ይበልጥ ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። ብርድ የማትፈሩ ከሆነ እሱም መልካም ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ጦሳን ውጡ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የጦሳ ተራራ ከቤታችሁ በላይ ቆሞ እያለ ልምምድ ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። ማልዳችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ሆናችሁ ውጡ። ለሁለት ነገር ይጠቅማችኋል። አንደኛው እግርና ሳንባ ነው። ጫማችሁ የት እንደሚፈጋችሁ እዚህ እወቁ። እዚያ ርቃችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ባታውቁት ይሻላል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ባህር ዛፍ ስር ግቡና መሬቱን እዩ። ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት ነው፤ ብዙ ነገር አይበቅልበትም። ከዚያ የሐበሻ ጥድ ወይም ወይራ ካገኛችሁ ስሩ ቁጭ በሉ። ቁጥቋጦው፣ ሳሩ፣ ወፉ ይለያል። የኮምቦልቻ ሰዎች ይህንኑ የጎፍ ደን ላይ መሞከር ትችላላችሁ። እንዲያውም ለአገር በቀል ዛፍ የጎፍ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጦሳ ላይ ጉም ሲወርድ በድንገት ነው። አንድ ጊዜ ወጥቼ ከተማዋን ቁልቁል እያየሁ ነበር። ወዲያው ፒያሳው ጠፋ፣ ቀጥሎ አዝዋ ገደል ጠፋ፣ ከዚያ የራሴ ጫማ እንኳ በግድ ይታየኝ ጀመር። በዚያ ሰዓት መሮጥ ገደል መፈለግ ነው። ቁጭ አልኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ገለጥ አለ። ጉም ሲይዛችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ መንገዱ በግልጽ እስኪታይ አትንቀሳቀሱ።

ምን ይዤ ልሂድ?

ብዙ አይደለም። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ባትሪ። ጋቢ አትርሱ። ጋቢ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው፣ ጠዋት ቁጭ ብላችሁ ስትጠብቁ ድንኳን ነው። የፀሐይ ቅባት ያዙ፤ ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ብርድ መስላ ታቃጥላለች። ደማቅ ቀይና ቢጫ ልብስ እቤት ይቅር።

ለምግብ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። በሶ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እሳት አታነዱም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ገንዘብ ካላችሁ ባይኖኩላር ግዙ፤ ከሌላችሁ ተዋሱ። ስልክ ያጎላልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ስልክ ሩቅ ያለን ቀበሮ ቀይ ነጥብ ነው የሚያደርገው። ትንሽ ደብተርና እርሳስም ጨምሩ።

መንገዱ

ከደሴ በጉጉፍቱ፣ ከዚያ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ያዙለት። ጉጉፍቱ ላይ መኪናው ሲቆም ውረዱና አንድ ደቂቃ ቁሙ። ብርዱ ራሱ ምን እንደሚጠብቃችሁ ይነግራችኋል። በመስኮት በኩል ማሳውን ተከታተሉ። ጤፍና ማሽላ እየቀረ ገብስ ብቻውን ሲቀር ከፍ ብላችኋል ማለት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነት አጣሩ። በዚያው ሰሞን የሄደ ሹፌር ጠይቁ፣ መካነ ሰላም ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ ደውሉ። «ይቆይ» ከተባላችሁ ይቆይ። ተራራው የትም አይሄድም።

መካነ ሰላም እደሩ። ፓርኩ ከከተማዋ በስተሰሜን ነው። በማግስቱ ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሂዱና መግቢያ ክፈሉ፣ ስካውት (መንገድ የሚመራ የፓርኩ ጠባቂ) ይመደብላችሁ። ስካውቱ በዕድሜ ከገፋ «ጋሼ» ወይም «አባባ» ብላችሁ ጥሩ፣ ከእሱ ቀድማችሁ አትራመዱ። የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ አንድ ሌሊት ደሴ ብታድሩ ጥሩ ነው። ከ1,850 ሜትር ተነስቶ በአንድ ቀን 3,500 መውጣት ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል። ከጀመራችሁ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ቡና ጠጥቼ ያልፍልኛል ብላችሁ ወደ ላይ አትቀጥሉ።

ተራራውን ከታች ወደ ላይ አንብቡ

ፓርኩ ውስጥ ስትገቡ ሁሉም ሰው «ቀበሮው የት ነው?» ይላል። እኔም ብያለሁ። ይህን ጥያቄ ለጊዜው ተዉትና ዛፉን እዩ።

ከታች ደኑ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶ። ኮሶ ሴትና ወንድ አለው፤ የሴቷ አበባ ወደ ቀይ ያደላል፣ እንደ ወይን ዘለላ ይንጠለጠላል። እዚህ ዓይናችሁን ወደ ቅርንጫፉ አንሱ፤ ጉሬዛ የሚኖረው እዚህ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጭራው ረጅም ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ጫፍ ላይ ይወጣል። ድኩላም የሚያድረው በዚሁ ጥግ ነው። ድኩላን ከማየታችሁ በፊት የምትሰሙት እንደ ውሻ ያለ ጩኸቱን ነው።

ቀጥሎ ዛፉ ያጥራል። አስታ ትገባላችሁ። ቅጠሉ መርፌ የሚያህል ነው፣ ግንዱ ጠማማ ነው። ያረጀ አስታ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ግራጫ ነገር ታያላችሁ። ያ ከጉም ውሃ እየጠጣ የሚኖር ነው፤ እንዳትነቅሉት። በመሀል በመሀል ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ አለ። አስታና አሜጃ ሲበዙ 3,000 ሜትርን አልፋችኋል በሉ።

ከዚያ በድንገት ይገለጣል። ዛፍ የለም። ጓሳ ሣር ብቻ፣ ጉች ጉች እያለ፣ ነፋሱ ሲመጣ እንደ ሐይቅ የሚተኛ። እግራችሁ ስር የሚሸተው ጦስኝ ነው። ሻይ ውስጥ የምናውቀው ጦስኝ እዚህ መሬት ላይ ተለጥፎ ይኖራል፤ በአገራችን ብቻ የሚገኝ ተክል ነው። መቁረጥ ካማራችሁ ተቆጠቡ። ከሥሩ የተነቀለ ጦስኝ ተመልሶ አይመጣም።

እዚያ ነው ጅብራ የቆመው።

መጀመሪያ ሰው ይመስላል። በእውነት። ከሩቅ በጉም ውስጥ አንድ ሰው ጋቢ ለብሶ የቆመ ነው የሚመስለው፤ ስድቡ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባችኋል። ቅርብ ስትሄዱ ግንድ ነው፤ ላዩ ላይ ረጃጅም ቅጠሎች ክብ ሠርተው እንደ ትልቅ አበባ ተዘርግተዋል።  ሌሊት ቅጠሎቹ ወደ መሀል ይሰበሰባሉ። እንደ ካፖርት መሀሉን ከውርጭ ይጠብቁታል።

ጅብራ ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል። አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ከመሀሉ ብዙ ሜትር የሚረዝም ዘንግ ያወጣል፣ በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፣ ከዚያ ይሞታል። ስለዚህ ዘንግ ያወጣ ጅብራ ስታዩ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ሥራ እየሠራ ነው ያገኛችሁት። ለፎቶ ብላችሁ አትደገፉበት።

አሁን ተገተሩ

መጀመሪያ ስሄድ ግማሽ ቀን ተራመድሁ። ምንም አላየሁም። እያወራሁ፣ ስልክ እያወጣሁ፣ ኮረብታ እያቋረጥሁ ነበር። አብሮኝ የነበረው ስካውት ታገሰኝ፣ ታገሰኝና በመጨረሻ «ልጄ፣ አንዴ እንደ ጅብራ ተገተር» አለኝ። ስድብ መስሎኝ ደነገጥሁ። እሱ ግን ሥራውን ነበር የሚያስተምረኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ድንጋይ ተደግፌ ቆምሁ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ባዶ የመሰለኝ ሜዳ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከጉድጓድ አይጥ ብቅ አለ፣ ሌላው ተከተለ። ከድንጋዩ ላይ ሽኮኮ ፀሐይ ሊሞቅ ወጣ። ሰስ ገደሉ አፋፍ ላይ በአራት ጥፍር ጫፉ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ ለካ እሱ ቀድሞኝ ተገትሯል።

ዘዴው ይኸው ነው። ነፋሱ ወደ ፊታችሁ እንዲመጣ አድርጋችሁ ቦታ ምረጡ፤ ሽታችሁ እንዳይቀድማችሁ። ጀርባችሁን ለድንጋይ ወይም ለቁጥቋጦ ስጡ፤ ሰማይ ላይ ጎልታችሁ እንዳትታዩ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁሙ ወይም ቁጭ በሉ። ወሬ የለም፣ ሙዚቃ የለም። የተሻለው ሰዓት ፀሐይ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው።

ጭላዳ

ጭላዳ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ ማልዳችሁ የገደሉ አፋፍ ጋ ጠብቁት። ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይመጣል፤ ሲያጉረመርምና ሲያወራ የገበያ ጫጫታ ይመስላል።

አንዱን ብቻ መርጣችሁ እጁን እዩ። ቂጡ ላይ ተቀምጦ ይንፏቀቃል። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነጫል። በግራም በቀኝም፣ ቶሎ ቶሎ። መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ጤፍ የምትለቅም ሴት እጅ እንዲህ አይፈጥንም። በጣም ከቀረባችሁ የሣሩን መበጠስ ትሰማላችሁ። ከዝንጀሮ ወገን ሣርን ዋና ምግቡ አድርጎ የሚኖር ሌላ የለም።

ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለ። ወንዱ ትከሻው ላይ ጎፈር አለው። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ «ራቁ» ማለቱ ነው፤ እሺ በሉት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ምግብ አትስጡት። ዳቦ የለመደ ጭላዳ የገበሬ ማሳ ይገባል፤ ከዚያ የሚከተለው ድንጋይና ውሻ ነው።

ቀይ ቀበሮ

ብዙ ተስፋ አታድርጉ፤ ግን ተዘጋጁ። በመላው አገሪቱ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ወሎ ያሉት ጥቂት ናቸው።

ስሙ ቀበሮ ቢሆንም ዘሩ ለተኩላ ይቀርባል። ከተራ ቀበሮ ለመለየት እግሩን እዩ፤ ረጅም ነው። ፀጉሩ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው። አፉ ሹል ነው፤ አይጥ ከጉድጓድ ለማውጣት የተሠራ። ቤተሰቡ አብሮ ያድራል፣ ጠዋት ሰላምታ ተለዋውጦ ይበተናል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል። ጆሮውን ቀና አድርጎ ቀጥ ብሎ ከቆመ አትንቀሳቀሱ። አይጥ እያዳመጠ ነው። ቀጥሎ ይዘላል።

ጭላዳ መንጋ ካገኛችሁ በመሀሉ ቀይ ነገር ፈልጉ። በመንዝ ጓሳ፣ ሰሜን ሸዋ፣ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር አለ። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሀል ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን 25ቱ ብቻ። ጭላዳውም አይሸሸውም፣ እሱም ግልገሎቹን አይነካም። የመንዝ ሰው ያንን ጓሳ በራሱ የቄሮ ሥርዓት (የጋራውን ሣር በሚጠብቅበት ባህላዊ ደንብ) ለዘመናት ጠብቆ ስላቆየው ነው ይህ ሁሉ ዛሬ ሊታይ የቻለው።

ወደ ሰማይም ቀና በሉ

ትልቅ ጥላ በመሬቱ ላይ ካለፈ አጥንት ሰባሪው ጥንብ አንሳ ሊሆን ይችላል። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል። አጥንት ይዞ ከፍ ይልና ድንጋይ ላይ ይጥለዋል፤ ሲሰበር ወርዶ ይበላዋል። ድምፁን አንድ ጊዜ ከሰማችሁት አትረሱትም። ቁራውንም አትናቁት። መንቆሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ በዓለም ላይ ያለው በአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው፤ እኛ በየጣሪያችን ስለምናየው ብርቅ አልመሰለንም።

የማይደረግ

ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እላለሁ። ቀይ ቀበሮን ዛሬ እየጨረሰው ያለው አንዱ ትልቁ ነገር ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ባሌ ላይ ደጋግሞ ገብቶ መንጋ በመንጋ ፈጅቷል። ወሎ ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ አንድ የታመመ ውሻ ይበቃቸዋል። ደጋ ላይ ዘመድ ካላችሁ ውሻውን እንዲያስከትብ ንገሩት። ለልጆቹም ጤና ነው።

እሳት አታንዱ። አስታ እርጥብ ሆኖም ይነዳል፣ ሥሩ ከነደደ ያ ኮረብታ እንደገና ለመሸፈን ዓመታት ይፈልጋል። ለዚህ ነው በሶ ያልኩት። ፌስታልና ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ። እረኛ ልጆች ከመጡ ሰላም በሏቸው፣ ጠይቋቸው። «ቀበሮ ዛሬ በየት አለፈ?» ብትሏቸው ከማንኛውም ካርታ የተሻለ መልስ አላቸው።

ከመመለሳችሁ በፊት

ደብተሩን አውጡ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ምን ተክል መሀል ምን እንስሳ እንዳያችሁ ጻፉ። ስልካችሁ ከፍታ ያሳያል። ቀይ ቀበሮ ካያችሁ ስንት እንደነበሩና የት እንደነበሩ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ንገሩ፤ ለቆጠራ ይጠቅማቸዋል። ፌስቡክ ላይ ግን ጉድጓዱ ያለበትን ቦታ አትለጥፉ።

የመጨረሻውን ሰዓት ለገደሉ ስጡት። 11 ሰዓት ላይ ጭላዳዎቹ ወደ አፋፉ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ትልልቆቹ ይወርዳሉ፣ ግልገሎች እናታቸው ጀርባ ላይ ተጣብቀው ይከተላሉ፣ ጎረምሶቹ እስከ መጨረሻ ይጣላሉ። አንዱ ከአንዱ ድንጋይ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ነፋሱ ብቻ ሲቀር ባትሪያችሁን አብሩና ስካውቱን ተከትላችሁ ውረዱ።